ፊት ሲያቃጥል ምን እናድርግ?

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ፊት ነው።

ስለ ፊት መነጋገር ለአንዳንዶቻችሁ የቅንጦት ነገር ይመስላችሁ ይሆናል። «እርሻው ሳይታረስ፣ ጎተራው ሳይሞላ ስለ ፊት ማን ይጨነቃል?» የሚል አይጠፋም። እኛም ዱሮ እንዲሁ ይመስለን ነበር። ነገር ግን የታመመ ፊት ያቃጥላል። እንቅልፍ ይነሣል። አንዳንዴም ዓይንን ይጎዳል። ከዚህም ሌላ ሰውን ከሰው ይለያል። እንግዲህ ጉዳዩ የቁንጅና ሳይሆን የጤና ጉዳይ ነው።

እኛ በምሥራቅ አዲስ አበባ በጤና ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ነን። ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ወዲያ በገርጂ፣ በአያት፣ በቦሌ አራብሳና በቦሌ ለሚ የሚኖረው ሕዝብ ወደ እኛ ይመጣል። አራብሳና ለሚ ከጥቂት ዓመታት በፊት ጤፍና ስንዴ የሚዘራባቸው ማሳዎች ነበሩ። ዛሬ በብዙው መሬት ላይ ኮንዶሚኒየምና ፋብሪካ ቆሟል። ቀድሞ ሲያርሱ ከነበሩት ቤተሰቦች ግን እዚያው ዳር የቀሩ አሉ። የምንነግራችሁ ነገር ከእነዚህ ቤተሰቦች በአንዷ እናት ላይ የደረሰ ነው። ስማቸውን አንጠራም።

የእናቲቱ ነገር

በ2017 ዓ.ም. በኅዳር ወር፣ አንድ ቀን ጧት፣ አንዲት እናት ፊታቸውን በነጠላ ሸፍነው መጡ። ዕድሜያቸው አርባን አልፏል። የሚተዳደሩት እንጀራ ጋግረው ለኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች በመሸጥ ነው።

«ምን ሆኑ እትዬ?» አልናቸው።

«ኧረ ልጆቼ፣ ፊቴ ነደደ! ፍም የተጫነበት ይመስለኛል» አሉ።

ነጠላቸውን ሲገልጡ ጉንጫቸውና አፍንጫቸው አብጧል። ብጉር የሚመስሉ ጥቃቅን ነገሮች ወጥተውበታል። መልካቸው ጠይም ስለሆነ መቅላቱ ጎልቶ አይታይም። በእጅ ጀርባ ስንነካው ግን ይሞቃል።

ነገሩ የጀመራቸው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። እንጀራ ሲጋግሩ ፊታቸው ይግላል። መጀመሪያ ምጣዱ ሲበርድ ፊታቸውም ይበርድ ነበር። ኋላ ግን ምጣዱ በርዶም ፊታቸው አልበርድ አለ። አንዷ ጎረቤት «ምች ነው» ብላ ዳማከሴ አሸችላቸው። ሌላዋ «ሎሚ ቀቢበት» አለቻቸው። ሌላዋ ደግሞ ፌጦ ፈጭታ ለጠፈችላቸው። በሎሚውና በፌጦው ፊታቸው ባሰበት።

በመጨረሻ ከአንድ ሱቅ ትንሽ የቅባት ቱቦ ገዙ። «ይህን የማይቀባ ሰው የለም» ተባሉ። በሦስተኛው ቀን ፊታቸው በረደ። ለስላሳ ሆነ። እሳቸውም ፈጣሪያቸውን አመሰገኑ። ጥቂት ወራት ቆይቶ ግን ሌላ ነገር መጣ። አንድ ቀን ሳይቀቡ ከዋሉ ፊታቸው ከበፊቱ በእጥፍ ይነዳል። ቅባቱን ሲቀቡ ይበርዳል፤ ሲተዉት ይነዳል። የእንጀራው ገንዘብ ለቱቦ ሆነ።

ይህም አልበቃ ብሎ ሰው ማማት ጀመረ። «ፊቷ የሚቀላው አረቄ ብትጠጣ ነው» ተባለ። አንዳንዱም «የሥጋ ደዌ ይሆናል» እያለ እንጀራቸውን መግዛት ተወ። እናቲቱ ከዕድር ቀሩ። ለቅሶ መድረስም ተዉ። «አረቄ እንኳን ልጠጣ፣ ሽታውንም አልወድም» እያሉ አለቀሱብን።

በሽታው ምንድን ነው?

ይህን በሽታ ሐኪሞች ሮዜሻ ይሉታል። የፊት ቆዳ በሽታ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ከሠላሳ ዓመት በላይ የሆነውን ሰው ነው። የሚወጣው በፊት መካከል ማለትም በጉንጭ፣ በአፍንጫ፣ በግንባርና በአገጭ ላይ ነው።

ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው። ፊት ድንገት ይግላል፣ ይቀላል። ቀስ በቀስ መቅላቱ አልለቅ ይላል። ቆዳው ያቃጥላል፣ ይወጋል። ብጉር የሚመስሉ እብጠቶች ይወጣሉ። በአንዳንድ ሰው ላይ፣ በተለይም በወንዶች ላይ፣ ብዙ ዓመት ሲቆይ የአፍንጫ ቆዳ ይወፍራል። ዓይንም ሊያዝ ይችላል። ያን ጊዜ ዓይን አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁራል፣ ይቀላል፣ ያነባል።

በቀይ ሰው ፊት ላይ ሮዜሻ ቶሎ ይታወቃል። በጠይምና በጥቁር ሰው ፊት ላይ ግን መቅላቱ ስለሚደበቅ ሐኪምም ሊስተው ይችላል። ስለዚህ እኛ ዓይናችንን ብቻ ሳይሆን ስሜታችንንም ማመን አለብን። ፊት ቶሎ ቶሎ የሚግልና የሚያቃጥል ከሆነ መቅላቱ ባይታይም ለሐኪም መንገር ይገባል።

አሁን ሦስት ነገሮችን ልብ በሉ።

አንደኛ፣ ሮዜሻ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። አብሮ በመብላት፣ በመጨባበጥ ወይም የበሽተኛውን እንጀራ በመብላት አይያዝም።

ሁለተኛ፣ ሮዜሻ የስካር ምልክት አይደለም። መጠጥ በሽታው ያለበትን ሰው ፊት ሊያቀላው ይችላል። ጠላ ቀምሶ የማያውቅ ሰውም ግን ይታመማል። ስለዚህ የሰውን አፍንጫ አይቶ «ሰካራም» ማለት ትልቅ በደል ነው።

ሦስተኛ፣ ሮዜሻ የሥጋ ደዌ አይደለም። ሮዜሻ ያቃጥላል። የሥጋ ደዌ ግን ብዙውን ጊዜ ቆዳን ያደነዝዛል። በሰውነታችሁ ላይ ሲነካ የማይሰማው የነጣ ወይም የቀላ ቦታ ካያችሁ ፈጥናችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። የሥጋ ደዌም ቢሆን ዛሬ በመድኃኒት ይድናል።

ቱቦው ምን አደረገ?

እናቲቱ ቱቦውን ከመቀነታቸው ፈትተው ሰጡን። አነበብነው። ውስጡ ክሎቤታሶል የሚባል መድኃኒት ነበር። ክሎቤታሶልና ቤታሜታሶን ስቴሮይድ ከሚባሉት መድኃኒቶች ወገን ናቸው።

ስቴሮይድ በራሱ ክፉ አይደለም። ሐኪም ለችፌና ለሌሎች በሽታዎች ለአጭር ጊዜ ሲያዘው ይጠቅማል። ነገር ግን ክሎቤታሶልን የመሰለ ኃይለኛ ስቴሮይድ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ፊት ላይ ለወራት ሲቀባ ቆዳን ያሳሳል። የደም ሥሮችን መጀመሪያ ያጠባቸዋል፤ ስለዚህ ፊት የዳነ ይመስላል። ቅባቱ ሲቋረጥ ደግሞ የደም ሥሮቹ ይሰፋሉ። ፊትም ይነዳል። ሮዜሻ ያልነበረበት ሰው እንኳን በዚህ ቅባት ሮዜሻ የሚመስል በሽታ ያተርፋል።

ፊትን ለማቅላት ወይም ማዲያት ለማጥፋት እየተባለ ከሚሸጠው ቅባት ውስጥም እንዲህ ያለ ስቴሮይድ የሚገኝበት አለ። ልጆቻችን ከከተማ ገዝተው ሲያመጡት «ምን አለበት?» ብሎ መጠየቅ የኛ ፋንታ ነው።

በእናቲቱ ቱቦ ላይ ሌላም ነገር አየን። 03/2024 የሚል ቁጥር ታትሞበታል። እናቲቱ ፊደልና ቁጥር የቆጠሩት በጎልማሶች ትምህርት ነው። ቁጥሩን ራሳቸው አንብበውታል። «ዘመኑ 2017 ነው። 2024 እስኪደርስ ገና ሰባት ዓመት አለው ብዬ ገዛሁት» አሉን።

ማንበባቸው መልካም ነበር። ሆኖም በመድኃኒት ላይ የሚታተመው ዘመን አብዛኛውን ጊዜ የፈረንጆች ነው። የእኛ ዘመን ከእነሱ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ይለያል። የፈረንጆች ሦስተኛ ወር 2024 ማለት በእኛ መጋቢት 2016 ዓ.ም. ነው። ቅባቱ ከሰባት ወር በላይ አልፎበታል ማለት ነው። ስለዚህ በመድኃኒት ላይ ያለውን ዓመት ስታነቡ ስምንት ቀንሱለት። ለምሳሌ 2030 ቢል 2022 ብላችሁ ያዙት። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወሮች ልዩነቱ ሰባት ይሆናል፤ ስምንት ብትቀንሱ ግን ከጥንቃቄ አትጎድሉም። ከተጠራጠራችሁ ቱቦውን ይዛችሁ የጤና ባለሙያ ጠይቁ።

የሚያባብሱት ነገሮች

ሮዜሻ ያለበት ፊት እንደ ደረቅ ሣር ነው። ትንሽ ፍንጣሪ ያቀጣጥለዋል። ፍንጣሪዎቹን ማወቅ ከመድኃኒቱ እኩል ይጠቅማል።

ፀሐይ፦ ከሁሉ የሚብሰው ይህ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። በደጋ አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ፀሐዩ የማይጎዳ ይመስለናል። ይህ ስሕተት ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ቆዳ የሚያቃጥለው ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ ደገኛውም ከፀሐይ መጠንቀቅ አለበት።

የእሳት ወላፈን፦ ምጣድ፣ ምድጃና ከሰል ፊትን ያግላሉ። አክንባሎ ሲነሣ ቦግ ብሎ የሚወጣው እንፋሎትም እንዲሁ ነው። ለጉንፋን ብለን ባሕር ዛፍ ቀቅለን የምንታጠነውም ፊትን ያስቆጣል።

ትኩስና የሚያቃጥል ምግብ፦ ሚጥሚጣና በርበሬ የበዛበት ወጥ፣ ከጀበና እንደወረደ የሚጠጣ ቡና ፊትን ያቀላሉ። በቡና በኩል ብዙውን ጊዜ የሚጎዳው ትኩሳቱ ነው። ስለዚህ ቡና መተው ሳይሆን ለብ እስኪል መታገሥ ነው።

መጠጥ፦ አረቄ፣ ጠጅና ጠላ በብዙ ሰው ላይ ያባብሱታል።

ነፋስና ብርድ፦ በጥቅምትና በኅዳር ጧት በሜዳው ላይ የሚነፍሰው ደረቅ ብርድ ቆዳን ይሰነጥቃል።

ንዴትና ጭንቀት፦ ሲናደዱ ፊት ይግላል። ሐሜቱም ራሱ በሽታውን ያባብሳል ማለት ነው።

ፊት እንዴት ይያዛል?

ብዙዎቻችን ፊት ሲያቃጥለን ጠንከር ያለ ነገር እንፈልጋለን። ጠንካራ ሳሙና፣ ጠንካራ ቅባት፣ ጠንካራ እሸት እንላለን። ሮዜሻ ያለበት ፊት ግን በጉልበት አይድንም። የሚፈልገው ርኅራኄ ነው። የሚከተሉትን እናድርግ።

1. ፊትን ጧትና ማታ ለብ ባለ ውሃ መታጠብ። ፍል ውሃ አይሁን።

2. በልብስ ሳሙና ፊትን አለመታጠብ። ሽቶ የሌለውና ለስላሳ የገላ ሳሙና ጥቂት ይበቃል። እሱም ካቃጠለ ውሃ ብቻውን ይሻላል።

3. በጣት ጫፍ ቀስ አድርጎ መታጠብ። በሻካራ ጨርቅ ወይም በድንጋይ አለመፈግፈግ። ሲያደርቁም በለስላሳ ጨርቅ ነካ ነካ ማድረግ እንጂ አለመጥረግ።

4. ሽቶ የሌለው ቀላል የፊት ቅባት መቀባት። እሱ ካልተገኘ ቫዝሊን ስስ አድርጎ መቀባት። አዲስ ቅባት ከሆነ መጀመሪያ ከጆሮ ኋላ ጥቂት ቀብቶ ሁለት ሦስት ቀን ማየት።

5. ሎሚ፣ ፌጦ፣ ነጭ ሽንኩርትና አልኮል ፊት ላይ አለማድረግ።

6. ከጧቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ፀሐዩ ይበረታል። ሥራው የሚፈቅድ ከሆነ በማለዳ ወጥቶ በዚህ ሰዓት ጥላ መፈለግ። ካልፈቀደ ሰፊ ባርኔጣ ማድረግ፣ በመንገድ ላይ ጃንጥላ መያዝ። አቅም ያለው የፀሐይ መከላከያ ቅባት ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ ይቀባ።

7. እንጀራ ሲጋገር በርና መስኮት መክፈት። አክንባሎውን ሲያነሡ ፊትን ዞር ማድረግ። እሳቱን ጎንበስ ብሎ እፍ ከማለት በማራገቢያ ማራገብ። መሐል መሐል ወጥቶ ንጹሕ አየር መውሰድ፣ ቀዝቃዛ ውሃ መጠጣት። ሌላ የቤት ሰውም፣ ወንድም ቢሆን፣ ተራ እየገባ ቢያግዝ ነውር የለበትም።

ደብተርና እርሳስ

የሚያባብሰው ነገር ለሁሉም ሰው አንድ አይደለም። አንዱን በርበሬ ያቃጥለዋል፤ ሌላውን ምንም አያደርገውም። ያለ ምክንያት ሁሉን ነገር መተው ደግሞ ሰውን ያስርባል፣ ያስመርራል። ታዲያ የራሳችንን ፍንጣሪ እንዴት እናውቃለን?

እዚህ ላይ ነው ማንበብና መጻፍ የሚጠቅመን። አንድ ደብተር ያዙ። በየማታው ሦስት ነገር ብቻ ጻፉ። ቀኑን፣ የዋላችሁበትንና የበላችሁትን፣ ፊታችሁ እንዴት እንደዋለ። ለምሳሌ «ማክሰኞ። ገበያ ዋልኩ። ሽሮ በላሁ። ፊቴ ነደደ» ብሎ መጻፍ ይበቃል። ከአንድ ወር በኋላ መልሳችሁ አንብቡት። ፊታችሁ የነደደባቸው ቀናት ምን ያመሳስላቸዋል? መልሱን ደብተሩ ይነግራችኋል። ሐኪም ዘንድ ስትሄዱም ይዛችሁት ሂዱ።

ሐኪም ዘንድ መሄድ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። ሮዜሻን ፈጽሞ የሚነቅል መድኃኒት እስካሁን የለም። የሚያበርድ መድኃኒት ግን አለ። ሐኪም በቅባት መልክ የተዘጋጀ ሜትሮኒዳዞል ወይም ኢቨርሜክቲን ሊያዝ ይችላል። ብጉሩ ከበዛ ዶክሲሳይክሊን የሚባለውን የሚዋጥ መድኃኒት ያዛል። ዶክሲሳይክሊን ለነፍሰ ጡርና ለትንንሽ ልጆች አይሰጥም። ለአሜባ የሚሰጠውን የሜትሮኒዳዞል ኪኒን ፈጭቶ ፊት ላይ መቀባትም ፈጽሞ አይገባም።

መድኃኒቱ ቶሎ አይሠራም። ለውጡ እስኪታይ ስድስት፣ ስምንት ሳምንትና ከዚያም በላይ ይፈጃል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብሎ መታገሥ ነው።

መጀመሪያ የምትሄዱት በአቅራቢያችሁ ወዳለ ጤና ጣቢያ ነው። ጤና ጣቢያው አስፈላጊ ሲሆን ወደ ቆዳ ሐኪም ይልካችኋል። በአዲስ አበባ ደቡብ ምዕራብ በኩል ያለው የአለርት ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና የታወቀ ነው። አለርት በ1958 ዓ.ም. ሲቋቋም ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ማሠልጠኛ ነበር። ዛሬ ግን ልዩ ልዩ የቆዳ በሽታዎችን ያክማል። «አለርት ስሄድ ሰው ቢያየኝ ምን ይለኛል?» ብሎ መቅረት ራስን መጉዳት ነው።

ዓይናችሁ ከቀላና ከቆረቆራችሁ አትዘግዩ። ፊት ከመቅላቱ ጋር ትኩሳት፣ የመገጣጠሚያ ሕመምና ድካም ካለ ሌላ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ፈጥናችሁ ታዩ። ስቴሮይድ ለብዙ ጊዜ የተቀባችሁ ሰዎችም ለሐኪሙ ሳትደብቁ ንገሩ። ቅባቱን እንዴት እንደምትተዉት እሱ ይመራችኋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፊት ሊብስበት ይችላል። ያን ጊዜ ተስፋ ቆርጦ ወደ ቱቦው መመለስ አይገባም።

እናቲቱስ?

እናቲቱ በቆዳ ሐኪም ታዩ። ቱቦውን በሐኪሙ ምክር ተዉ። የመጀመሪያው ወር ከባድ ነበር። ፊታቸው አበጠ። «መልሱልኝ ቱቦዬን!» እስከማለት ደርሰው ነበር። ልጃቸው ምጣዱን ተረከበቻቸው። በአራተኛው ወር ፊታቸው ሰከነ። ደብተራቸውን ሲያነቡ ከበርበሬ ይልቅ የሚጎዳቸው የእሳት ወላፈንና የገበያ ፀሐይ መሆኑን አገኙ። አሁን በማለዳ ጋግረው ይጨርሳሉ። ገበያ ሲሄዱ ጃንጥላ ይይዛሉ።

በኋላም ወደ ዕድራቸው ተመለሱ። በስብሰባው መካከል ተነሥተው ነጠላቸውን ገለጡና «ይህ በሽታ ነው፤ አይተላለፍም፤ አረቄም አይደለም» ብለው ተናገሩ። ከዚያ ቀን በኋላ ሁለት ሴቶችና አንድ ሽማግሌ ፊታቸውን ሊያሳዩን መጡ። ሽማግሌው ስለ አፍንጫቸው ለሃያ ዓመት ሲታሙ የኖሩ ሰው ናቸው።

«በሽታው አልለቀቀኝም፤ እኔ ግን አወቅሁት» ይላሉ እናቲቱ።

ወገኖቻችን፣ አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው። ያላወቅነውን ቅባት ፊታችን ላይ ከማድረግ እንቆጠብ። የተጻፈውን እናንብብ፤ ያላወቅነውን እንጠይቅ። የጎረቤታችን ፊት ቀልቶ ስናይ ከማማት ይልቅ «አይዞህ፣ አይዞሽ፣ ወደ ጤና ጣቢያ አብረን እንሂድ» እንበል።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ሮዜሻ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል?

2. እናቲቱ የገዙት ቅባት መጀመሪያ ፊታቸውን ያበረደው፣ ኋላ ያቃጠለው ለምንድን ነው?

3. በአንድ መድኃኒት ላይ 05/2029 የሚል ቁጥር ቢታተም በእኛ አቆጣጠር ስንት ዓመተ ምሕረት ይሆናል?

4. በቤታችሁ ውስጥ ፊትን የሚያግል ሥራ የሚሠራው ማን ነው? እንዴትስ ልታግዙት ትችላላችሁ?